ሴራምፖር፦ የኬሪ ከተማ፣ የዶሮቲም ከተማ



ስለ ዊልያም ኬሪ ያልሰማ አማኝ ጥቂት ነው። ጫማ ሰፊ የነበረ፣ ቋንቋዎችን በራሱ ጥረት የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1793 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ሕንድ የገባ፣ ብዙዎች «የዘመናዊው ሚሲዮን አባት» የሚሉት ሰው ነው። ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው እርሱ 34 ዓመት ወደኖረባት፣ ሞቶም ወደተቀበረባት ወደ ሴራምፖር ነው።

ከተማዋ ከኮልካታ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጋንጅስ ቅርንጫፍ በሆነው በሁግሊ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ከሃውራ ጣቢያ በሚነሣው የአካባቢ ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ ስላለ ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትሄዱ ምርጫችሁ ሁለት ነው፤ ተለያይቶ በምቾት መቀመጥ፣ ወይም አብሮ መጋፋት። እኔና ባለቤቴ መጋፋቱን መረጥን። ነጠላዬን ማን እንደረገጠው እግዚአብሔር ይወቀው!

ሴራምፖር ከ1755 እስከ 1845 የዴንማርክ ይዞታ ነበረች። የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ በግዛቱ ውስጥ ሚሲዮናውያንን ስላልፈለገ፣ ኬሪና የሥራ ባልደረቦቹ ማርሽማንና ዋርድ በዴንማርኮች ጥላ ሥር ተጠለሉ። የዴንማርኮቹ የቅዱስ ኦላቭ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ተጎሳቁሎ ከቆየ በኋላ ስለታደሰ በ2016 የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል።

ወንዙን ይዛችሁ ስትሄዱ በ1818 የተመሠረተውን የሴራምፖር ኮሌጅ ታገኛላችሁ። የዴንማርክ ንጉሥ በ1827 ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ሰጥቶታል። ዛሬም በሕንድ ያሉ ብዙ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች ዲግሪ የሚሰጡት በሴራምፖር ሴኔት ሥር ሆነው ነው። በግቢው ያለው የኬሪ ቤተ መጻሕፍት ሲሮጡ የሚያዩት አይደለም። የቤንጋሊኛው አዲስ ኪዳን የታተመው በ1801 ሲሆን፣ ማተሚያ ቤቱ በኋላ የእግዚአብሔርን ቃል ወደ 40 በሚጠጉ ቋንቋዎች አትሟል። በ1812 እሳት ተነሥቶ የብዙ ዓመት የእጅ ጽሑፍ ሲያወድም፣ ኬሪ የተቃጠለውን እንደገና ለመተርጎም ነው የተቀመጠው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የሚሲዮን ታሪክ ስንማር ለኬሪ ብዙ ገጽ፣ ለሚስቱ ለዶሮቲ አንድ መስመር ነበራት፦ «በአእምሮ ሕመም ትሠቃይ ነበር» የሚል። እስኪ አብረን እንያት። በ1781 ሲጋቡ መጻፍ ስለማትችል በመዝገቡ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገች። በእንግሊዝ ሳሉ ሁለት ሴት ልጆችን ቀብራለች። ባሏ «ሕንድ እንሂድ» ሲላት ነፍሰ ጡር ነበረችና እምቢ አለች። እርሱ የበኩር ልጃቸውን ይዞ ጉዞ ጀመረ። መርከቡ በመዘግየቱ ተመልሶ ሲለምናት፣ ገና አራስ እያለች፣ እኅቷ አብራት እንድትሄድ ተስማምታ ተነሣች። አምስት ወር ያህል በባሕር ላይ ተጓዙ። በ1794 የአምስት ዓመት ልጇ ጴጥሮስ በተቅማጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ዶሮቲ እንደ ቀድሞው አልሆነችም። ባሏ ከሌሎች ሴቶች ጋር ይሄዳል ብላ ትከስሰው ጀመር፤ ጩኸቷ ከጎን ክፍል እየተሰማ እርሱ ይተረጉም ነበር።

ወንዙ ዳር ቆማችሁ ይህን አስቡ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1800 ክሪሽና ፓል የተባለ አናጢ፣ የሚሲዮኑ የመጀመሪያው ሕንዳዊ አማኝ ሆኖ፣ ከኬሪ ልጅ ከፊሊክስ ጋር በዚህ ውኃ ተጠመቀ። የሰባት ዓመት ጸሎት መልስ ነበር። በዚያው ቀን የፊሊክስ እናት በክፍሏ ተዘግቶባት ነበር። ዶሮቲ እዚሁ ሴራምፖር በታኅሣሥ 1807 አረፈች።

ኬሪን ልኮንን አይደለም የምጽፈው። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ሕመም መድኃኒት አልነበረም፤ ወደ እብዶች ቤት ሊሰዳትም አልፈለገም። የማርሽማን ሚስት ሐና ትምህርት ቤት እየመራች የዶሮቲን ልጆች ታሳድግ ነበር፤ እርሷም ብዙ ገጽ ይገባታል። ነገር ግን እኛ ዛሬ ሐኪም እያለ፣ እንዲህ የታመመችን እኅት «እምነቷ ደክሞ ነው» የምንልባቸው ጉባኤዎች አሉንና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጊዜ ካላችሁ የሄንሪ ማርቲንን ፓጎዳ እዩ። ማርቲን በ1806 ሕንድ እንደገባ የተቀመጠበት በወንዙ ዳር የተተወ የሂንዱ መቅደስ ነው። ያ ወጣት አዲስ ኪዳንን ወደ ሂንዱስታኒና ወደ ፋርስ ቋንቋ ተርጉሞ በ1812 ቱርክ ምድር ሞተ። ከዚያ ወዲያ ማሄሽ በሚባለው ሰፈር የጃጋናት መቅደስና ትልቁ የብረት ሠረገላ አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡ በገመድ ይጎትተዋል። እኛ የደረስነው ሠረገላው ቆሞ ባለበት ቀን ነው። አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን መሽከርከሪያው ላይ አስደግፈው ረጅም ጊዜ ሲያለቅሱ አየሁ። ለልጅ ይሁን ለባል አላወቅሁም። ፎቶ ላነሣ ያወጣሁትን ካሜራ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አመሻሽ ላይ በባቡር ስንመለስ ባለቤቴ ብዙ ዝም አለና፣ «ያን ጊዜ ወደ ገጠሯ አጥቢያ ስንመደብ አንቺ መሄድ ትፈልጊ ነበር?» አለኝ። ልጃችን ያኔ የሁለት ወር ነበረ። በ18 ዓመት ውስጥ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አልፈለግሁም» አልኩት። ቀሪውን ሃውራ እስክንደርስ ነገርኩት፤ ግፊያው ስለነበረ ጆሮውን ወደ እኔ አስጠግቶ ነበር የሚሰማኝ።