ስሟን በፎቶ መጻፍ

በብዙዎቻችን ቤት ትዳር እየቆየ ሲሄድ ስም እየጠፋ ይሄዳል። በእጮኝነት ዘመን በቁልምጫ ትጠራ የነበረች እህት ልጆች ከተወለዱ በኋላ «የልጆቹ እናት» ትሆናለች፤ ባልም «አባታቸው» ይባላል። ይህ የአክብሮት መልክ ስላለው በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አምላካችን ሰውን በስሙ የሚጠራ አምላክ ነውና ስም በቤታችንም ስፍራ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። 15ኛው የጋብቻ በዓላችን ሲቃረብ ለባለቤቴ የመረጥኩት ስጦታ ስሟን ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል በፎቶዋ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።

ሥራው ራሱ ለጀማሪም የሚከብድ አይደለም። እኔ የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ በቀረበው በፎቶሾፕ ነው፤ በነፃ የሚገኘው ጂምፕም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ትዕዛዞቹ ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ገጽ በ300 ሬዞሉሽን ይከፈታል። ከዚያ ስሙ ይጻፋል፤ ለየፊደሉ የተለየ ፎቶ መስጠት እንዲቻል እያንዳንዱ ፊደል በየራሱ ሌየር ላይ ይሁን። ቀጭን ፊደል ፎቶ አይይዝም፤ ስለዚህ ወፍራም የፊደል ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ሲሆን «ብላክ» የሚባለው ወፍራሙ መልኩ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ቀጥሎ ፎቶው ከፊደሉ ሌየር በላይ ይቀመጣል። ኦልት የሚለውን ቁልፍ ይዞ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ያለውን መስመር ክሊክ ሲያደርጉ ከፊደሉ ውጭ ያለው የፎቶው ክፍል ይሰወራል፤ ፊደሉም እንደ መስኮት ይሆናል። የተሰወረው ክፍል ግን አልተቆረጠም። ፎቶውን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚፈለገውን ማሳየት ይቻላል።

በዚህ ረገድ ፊደላችን በረከት አለው። በላቲን ርብቃ የሚለውን ስም ለመጻፍ ሰባት ፊደል ሲፈጅ በእኛ ሦስት ይበቃል፤ መስኮቱም በዚያው ልክ ይሰፋል። ለአንድ ፊደል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ከደረሰው የሚገባበት ፎቶ ወደ 1,200 ፒክስል ወርድ ቢኖረው ሕትመቱ ይጠራል። ፎቶዎቹን በቴሌግራም የምትቀባበሉ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ጥራታቸው ይቀንሳል። ያለቀውን ሥራ በፒኤስዲ አስቀምጡ፤ ለማተሚያ ቤት ደግሞ በጄፔግ ስጡ።

ከባዱ ነገር የፎቶ ምርጫው ነው። የባለቤቴ ስም ሦስት ፊደል ነው። ለመጀመሪያው የሠርጋችን ቀን ፎቶ፣ ለመጨረሻው ደግሞ ከልጆቻችን ጋር የተነሳችው ተመረጠ። መካከለኛው «ብ» ቀረ። ሥራውን በድብቅ መጨረስ አልቻልኩም፤ የድሮ ፎቶዎቻችን ያሉበትን ካርቶን የምታውቀው እርሷ ናትና አብረን ተቀመጥን።

ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ በካንሰር ታምማ ነበር። ከሕክምናው የተነሣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልጃችን ያነሳት አንድ ፎቶ አለ። የደስታ ቀን ጌጥ ስለሆነ እኔ ያንን ፎቶ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። እርሷ ግን አነሳችና ፊቴ አኖረችው።

«ያን ዓመት ስሜ ሌላ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ፎቶውን «ብ» ውስጥ አስገባነው። የ«ብ» ሁለት እግሮች መካከል ባዶ ስለሆነ ፊት ቢያርፍበት ይውጠዋል፤ ስለዚህ ፊቷ በአንደኛው እግር ላይ እስኪያርፍ ድረስ አሳነስነው፣ አንቀሳቀስነው። ፎቶሾፕ ፊትን ማለስለስ፣ የዓይን ሥር ጥቁረትን ማጥፋት ይችላል። በዚያ ፎቶ ላይ ግን አንዳች አልነካንም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ዘጸአት ምዕራፍ 28ን ደግሜ አነበብኩ። የእስራኤል ነገዶች ስም በአሮን ልብስ ላይ በሁለት ቦታ ይቀረጽ ነበር። በደረቱ ላይ በነበሩት 12 የተለያዩ ዕንቁዎች አንድ አንድ ስም ነበረ፤ በትከሻው ላይ በነበሩት ሁለት ድንጋዮች ደግሞ ስድስት ስድስት ስም። ሊቀ ካህናቱ ሕዝቡን በልቡም በትከሻውም ተሸክሞ ነበር ወደ እግዚአብሔር ፊት የሚገባው። ልብ የፍቅር ስፍራ ነው፤ ትከሻ የሸክም። ትዳርም እንዲሁ ይመስለኛል። የሠርጉን ቀን በልባችን መያዝ አይከብድም። የሕመሙን፣ የማጣቱን፣ ልብ የተሰበረበትን ዓመት ግን ትከሻ ይፈልጋል። ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ናቸው።

ስለዚህ ውድ ባለትዳሮች፣ ይህን ሥራ ለመሥራት ብታስቡ አንዳችሁ ለሌላው በድብቅ ከመሥራት ይልቅ ካርቶኑን አብራችሁ ክፈቱ። ፊደሉ እስኪሞላ ድረስ ተነጋገሩ፤ ለምን እንደተደበቀ የምታውቁት ፎቶ ካለም እርሱን አስቀድማችሁ አውጡት፤ ይግባ አይግባ የሚለውን ደግሞ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ይወስን። ኮምፒውተር የሌላችሁም አትቸገሩ። ዛሬ ማታ አብራችሁ ስትጸልዩ የትዳር ጓደኛችሁን በስሙ፣ በስሟ ጥሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።