ሁድሁድ፦ ገድ ሳይሆን ዜና ያመጣ ወፍ



«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ አበው። አንዱን ወፍ እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ ቋንቋ ሲተረጉመውም እናያለን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሁድሁድ ነው። ሁድሁድ በራሱ ላይ እንደ ዘውድ የሚዘረጋ ጉትዬ ያለው፣ ክንፉ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ፣ በረጅም ቀጭን ምንቃሩ ከመሬት ነፍሳትን እየለቀመ የሚኖር ወፍ ነው። ዐረቦች «ሁድሁድ»፣ ሮማውያን «ኡፑፓ» ያሉት ድምፁን ሰምተው ነው።

የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት አሪስቶፋነስ በ414 ቅ.ል.ክ. ባቀረበው «ወፎች» በተሰኘ ተውኔቱ ሁድሁድን ቀድሞ ንጉሥ የነበረ ሰው አድርጎታል። የኦሪት ሕግ ከማይበሉት ወፎች ይቆጥረዋል። ፋርሳዊው ፈሪዱዲን ዐጣር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «መንጢቁጥ ጠይር» ግን ወፎችን ሁሉ ወደ ንጉሣቸው ፍለጋ የሚመራ ሙርሺድ ሆኗል። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ ወፏ አድርጋ መርጣዋለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በብዙ ቦታ መንገደኛ ወፍ በቀኝ ጮኸ በግራ እያለ ገድ ይፈልጋል፤ ጉጉት ቤት ላይ ስትጮህ ሞት ይጠበቃል። የጃሂሊያ ዐረቦችም ወፍ አስበርግገው የሚሄድበትን አቅጣጫ እያዩ ከጉዟቸው ይቀሩ ነበር። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን «ጢየራ» የተባለ እምነት ሽረውታል። ወፍ ጥቅምም ጉዳትም አያመጣም፤ ቀደሩ የአላህ ነው።

ታዲያ ለሙስሊም ወፍ ትርጉም የለውምን? አለው! በሱረቱ ነምል እንደተተረከው፣ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊታቸውን ሲቃኙ ሁድሁድን አጡት። ግልጽ ማስረጃ ካላቀረበ እንደሚቀጣም ተናገሩ። ወፉ ብዙም ሳይቆይ መጥቶ፣ እርሳቸው ያላወቁትን ነገር እንዳወቀ፣ ከሰበእም እርግጠኛ ዜና ይዞ እንደመጣ ነገራቸው። ፀሐይን ስለሚያመልኩ ሕዝቦችና ስለ ንግሥታቸው ያየውን ተናገረ። በእኛው አገር ክብረ ነገሥት ግን ለንግሥቲቱ የሱለይማንን ዝና ያደረሰላት ታምሪን የተባለ ነጋዴ ነው።

ልብ እንበል! ሁድሁድ የተናገረው በዓይኑ ያየውን ነው። ሱለይማንም ወዲያው ሠራዊት አላዘመቱም፤ እውነቱንና ሐሰቱን እናያለን ብለው ደብዳቤ ላኩ። ንጉሡ ከትንሽ ወፍ መስማትን አልናቁም፤ ሳያጣሩም አልተቀበሉም።

እኛ የምናስተምረው የህዳሴው ግድብ በሚገኝበት በጉባ ወረዳ፣ በማንኩሽ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የብዙ ንጹሐን ሕይወት ጠፍቷል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። በዚያ ወቅት «እገሌ መንደር እንዲህ ሆነ» የሚል ቃል፣ ማን እንዳየው ሳይጠየቅ ከቤት ቤት ሲዞር ሰምተናል። አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት እርስ በርሱ በጥርጣሬ ሲተያይም አይተናል። ዛሬ ደግሞ ያው ቃል በስልክ በአንድ ቅጽበት አገር ያዳርሳል። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከወፍ ኋላ ሲሮጡ ስታዩ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንዳይገደሉ ከተከለከሉት አራት ፍጡራን አንዱ ሁድሁድ መሆኑንም አስተምሯቸው። ወጣቶች ሆይ! አንድ ወሬ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት «ማን አየው? የት? ማስረጃውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያላያችሁትን አየን አትበሉ።

አላህ ምላሳችንን ከሐሰት፣ አገራችንን ከፊትና ይጠብቅልን። አሚን!