ዋልአይ ያልያዝንባቸው ቅዳሜዎች

ኤፕሪል በሚኒሶታ የጸደይ ወር ይባላል፤ ብርዱ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። ከብዙዎቹ ሐይቆች ላይ በረዶው የሚለቀው ገና በዚህ ወር ነው። በየመኪና ማቆሚያው ጥግ የጠቆረ የበረዶ ክምር አለ። ጠዋት ጓንት ያስለብሳል፣ ከሰዓት በኋላ ጃኬት ያስወልቃል። በዚህ ግዛት ከ10 ኤከር የሚበልጡ 11,842 ሐይቆች ተቆጥረዋል፤ ነገር ግን ዋልአይ የተባለውን ዓሣ በዚህ ወር ከአብዛኞቹ ማጥመድ አይፈቀድም። ወቅቱ የሚከፈተው በሜይ አጋማሽ ገደማ ነው። እስከዚያ መታገሥ ያልቻለ ሰው መንጠቆውን ይዞ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ይወርዳል። እኔና ጓደኛዬም የወረድነው ወደዚያው ነው።

ቦታችን ሴይንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ፎርድ ከሚባለው ግድብ በታች ያለው ዳርቻ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሄስቲንግስ ግድብ ድረስ ዋልአይና ባስ ዓመቱን ሙሉ ማጥመድ ይቻላል፤ ግን አንድ ደንብ አለ፦ የያዝከውን መልሰህ ትለቃለህ። ይህን ለጓደኛዬ ያስረዳሁት በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ መኪና ውስጥ ነው። ጥቂት ዝም አለና፣

«እሺ፤ በዚህ ብርድ በሌሊት ተነሥተን፣ ከፍለን ፈቃድ አውጥተን፣ ከያዝን እንለቀዋለን?» አለኝ።

«አዎ።»

«ካልያዝንስ?»

«ካልያዝን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።»

«ታዲያ ሁለቱም ያው ነው እኮ!»

ጓደኛዬ የሐዋሳ ልጅ ነው። ለእርሱ ዓሣ ማለት አሞራ ገደል ነው፦ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ የሚራገፍበት፣ አባ ኮዳዎች እንደ አገር ሽማግሌ ቆመው አንጀትና ጭንቅላት የሚጠብቁበት፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላበት ቦታ። ሚስቱና ልጁ አሁንም እዚያው ከተማ ናቸው። ጥገኝነት ካመለከተ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከአገር ሲወጣ ልጁ መዳህ እየጀመረች ነበር፤ ዘንድሮ ኬጂ ትጨርሳለች። ለቃለ መጠይቅ ግን ገና አልተጠራም። ከእርሱ በኋላ ያመለከቱ ሰዎች ተጠርተው፣ ተፈቅዶላቸው፣ ቤተሰባቸውን ሲያስመጡ አይቷል። አዲስ ማመልከቻ ቀድሞ የሚታይበት አሠራር ስላለ፣ ወረፋው እንደ ዳቦ ቤት ወረፋ አይደለም። «ኬስህ ምን ደረሰ?» ሲሉት «ፔንዲንግ» ይላል። (ይህችን ቃል እንግሊዝኛ የማይችሉት እናቶቻችን እንኳ አጥርተው ይጠሯታል።)

ከገና በኋላ ከዓርብ ፕሮግራማችን መቅረት ጀመረ። በእምነቱ አልቀዘቀዘም፤ በማንም አልተቀየመም። ሌሊት መጋዘን ስለሚሠራ ደክሞት ነው ብለን ነበር። ስጠይቀው ግን እውነቱን ነገረኝ። በር ላይ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ስለ ጉዳዩ ይጠይቀዋል፤ «ገና ነው» ሲል ፊታቸው ይወድቃል፤ ከዚያ እነርሱን ማጽናናት የእርሱ ሥራ ይሆናል። አንዱ «በዚህ ወር ያልቃል፣ ጌታ ተናግሮኛል» ይለዋል። ወሩ ያልፋል። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ወንድም ሲያገኘው ማን ማንን እንደሚያፍር ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ሰው ወደማይበዛበት ቦታ ወሰድኩት። እኔ ማጥመድን የተማርኩት እዚሁ፣ በሃይስኩል ጓደኞቼ ነው፤ ጎበዝ አይደለሁም። ለሚስቱ በስልክ፣ «ነገ ጠዋት ባስ ልንይዝ ነው» ብሎ ነገራት። እርሷም፣ «ጓደኛህ መኪና አለው አላልከኝም እንዴ?» አለችው። ይህ ቀልድ ወሩን ሙሉ አገለገለን።

ባስና ዋልአይ ምን እንደሆኑ ለማታውቁ ጥቂት ልንገራችሁ። ባስ ትልቅ አፍና ትንሽ አፍ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ እኛ ወንዙ ውስጥ ስንፈልግ የከረምነው ትንሽ አፉን ነው። ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ፋራናይት (15 ሴልሺየስ ገደማ) ሲሞቅ ወንዱ በጅራቱ አሸዋና ጠጠር ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂው አባትዬው ነው። ዋልአይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚኒሶታ የግዛት ዓሣ ተብሎ የተሰየመው ነው። እንደ ድመት ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ ሌላው ዓሣ በደንብ በማያይበት ድንግዝግዝ እርሱ አጥርቶ ያያል። ለዚህ ነው አጥማጆቹ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወጡት። እንቁላሉን የሚጥለው ውሃው ከ42 እስከ 50 ዲግሪ ፋራናይት (ከ6 እስከ 10 ሴልሺየስ) ሲሆን ነው፤ ጠጠር ላይ ይበትነዋል፣ አይጠብቀውም። በዚያ ሰሞን ሐሳቡ ምግብ ላይ አይደለም።

በኤፕሪል መጀመሪያ ደግሞ ውሃው 40 ዲግሪ ገደማ ነው። የዓሣ ገላ ሙቀት የውሃው ሙቀት ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገሩ ይዘገያል፤ የበላውን የሚፈጨው በዝግታ ነው፤ የሚያልፍ ነገር ተከትሎ አይሮጥም። ከኃይለኛው ፍሰት ሸሽቶ ውሃው የሚዞርበት ጥግ፣ ከድንጋይ ሥር ይተኛል። የምትጠቀመው መንጠቆ ጂግ ይባላል፤ የእርሳስ ጭንቅላት አለው፣ ትንሽ ዓሣ ወይም የላስቲክ ትል ትሰካበታለህ። ወደ ታች ትለቀዋለህ፣ ከወለሉ በጣት ያህል ታነሣዋለህ፣ ትጠብቃለህ። ቀስ፤ ከዚያ ደግሞ ከዚያም ቀስ። አዋቂ ሰው በዚህም ወቅት ይይዛል። ለእኛ ዓይነቱ ግን ወሩ አይመችም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የቀለጠው በረዶ ወንዙን ሞልቶት፣ ውሃው የሻይ በወተት መልክ ነበረው፤ ግንድ እየተንሳፈፈ ያልፍ ነበር። አራት ጂግ ድንጋይ በልቶብን ተመለስን። በሁለተኛው ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ዘነበ። በሦስተኛው ወደ መናፈሻው የሚወርደው መንገድ በጎርፉ ምክንያት ተዘግቶ ስለ ነበር፣ ከላይ ቆመን ውሃውን አይተን፣ ቡና ጠጥተን ተመለስን። በአራተኛው እኔ አንድ ትንሽ አፍ ባስ ያዝኩ፤ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጥም። ጓደኛዬ አይቶት፣ «ይህ እኮ ራሱ ማጥመጃ ነው» አለ።

በየቅዳሜው ጠዋት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ይጠራል። ሐዋሳ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጅቷ ከእንቅልፏ ተነሥታለች። «አባዬ፣ ያዝክ?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል። «እሺ» ትለውና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች፤ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ወለቀ ጥርስ። ያንኑ ቃል ነው የሚላት፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲናገረው የሚከብደውን። ወንዙ ዳር ግን እየሳቀ ይለዋል። እኔ ይህን ለብዙ ሳምንት ልብ አላልኩትም፤ እርሱ ነው የነገረኝ።

ከእኛ ራቅ ብሎ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሞንግ ናቸው፤ ሴይንት ፖል ውስጥ ከላኦስ የመጣው የሞንግ ሕዝብ ብዙ ነው፣ ወንዙንም ከማንም በላይ ያውቁታል። እርስ በርሳችን «አባባ» እንላቸዋለን። እንግሊዝኛቸው ጥቂት፣ የእኛ ሞንግኛ ባዶ። በአምስተኛው ቅዳሜ ሳምቡሳ ሰጠናቸው፤ እርሳቸውም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሚያጣብቅ ሩዝ ሰጡን። ጓደኛዬን ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ቤተሰብ? ነገራቸው። ከዚያ እርሳቸው «ታይላንድ፣ ካምፕ» አሉና ሰባት ጣት አወጡ። ጓደኛዬ አምስት አወጣ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውሃው ዞሩ። ያበቃል አላሉትም፣ አይዞህም አላሉትም። ጥቂት ቆይተው ግን ተነሥተው መጡና የእርሱን ጂግ አይተው፣ ከሳጥናቸው ቀለል ያለ አውጥተው አሰሩለት።

በስድስተኛው ቅዳሜ በማታ ሄድን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የጓደኛዬ ዘንግ ጫፉ ዝቅ አለ። ድንጋይ መስሎት ሳብ ሲያደርገው፣ ድንጋዩ መልሶ ሳበው። ዋልአይ ነበር፤ ክንድ አይሞላም፣ ግን ዋልአይ ነው። የስልኬን መብራት ሳበራ ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን በራ። ፎቶ አነሣነው፤ ከዚያ ሁለት እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ያዘው። ዓሣው ጥቂት ቆየ፣ ጅራቱን አንዴ ወዘወዘና ሄደ። ጓደኛዬ እጁ ከቀዘቀዘ በኋላም ከውሃው አላወጣውም።

በማግስቱ ልጅቷ ፎቶውን አይታ፣ «ማን በላው?» ብላ ጠየቀችው።

«ማንም። ለቀቅነው።»

«ለምን?»

«የዚህ አገር ደንብ ነው።»

«አባዬ፣ የዚያ አገር ሰው ምን ነካው?» አለች።

በወንጌል ውስጥ መረቡ የሞላበትን ታሪክ ሁለት ጊዜ እናገኛለን፤ በሉቃስ 5 እና በዮሐንስ 21። ሁለቱም ላይ ከመረቡ በፊት ባዶ ሌሊት አለ። ስንሰብከው ግን ሌሊቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈን ወደ 153ቱ ዓሣ እንሮጣለን። እኔ ወንዙ ዳር ከቆምኩ ወዲህ የማስበው ሌሊቱን ነው። ጴጥሮስ ሊያጠምድ ሲነሣ ሌሎቹ ስድስቱ ሳይጠሩ አብረውት ወጡ። ምን አወሩ? ማን ቀድሞ ደከመው? ወንጌላዊው ይህን አልጻፈልንም፤ አብረው እንደነበሩ ግን ጽፏል። የምስክርነት ሰዓታችንን እወደዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያነሣኝ እርሱ ነው። ግን ማይኩ የሚደርሰው ወረቀቱ ለመጣለት፣ ፈተናውን ላለፈ፣ ከሕመሙ ለዳነ ነው። ገና ሌሊቱ ላይ ያለ ሰው «የጸሎት ርዕስ» ይሆናል እንጂ ተናጋሪ አይሆንም። እርሱም ይናገር ባይ ነኝ፤ ከሚነጋበት በፊት የሚታይ ነገር አለውና።

ከስድስተኛው ቅዳሜ በኋላ በነበረው ዓርብ ጓደኛዬ መጣ። መሪያችን እንዳየው በደስታ፣ «ወንድማችን ከጠፋበት መጥቷል፤ እስቲ ጌታ ያደረገልህን ንገረን» ብሎ ማይኩን ሰጠው። እኔ መሬቱን አየሁ። እርሱ ተነሥቶ፣ «ስድስት ቅዳሜ ወንዝ ወረድን። አንድ ዋልአይ ያዝኩ፤ እርሱንም ለቀቅሁት። ኬሴ ፔንዲንግ ነው። ሚስቴና ልጄ ደኅና ናቸው። ጌታን አመሰግናለሁ» አለና ተቀመጠ።

ሰው የቀረውን ይጠብቅ ነበር። ጥቂት ሳቅ ነበረ፣ ከዚያ ዝምታ ሆነ። «አሜን» ከኋላ ወንበር ዘግይቶ መጣ፣ አንድ ብቻ። መሪያችን መዝሙር ይጀመር አለ።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት እህት ወደ እኛ መጣች። ነርሲንግ ጨርሳ የፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ የወደቀች ናት፤ ከእኛ ጥቂቶች እንጂ ሌላው አያውቅም። ስለ ፈተናው አንድም ቃል ሳትናገር፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» አለች። የባስ ጊታር ተጫዋቻችንም ሰምቶ፣ ባስ መያዝ የእኔ ሥራ ነው ብሎ ተጨመረ።

አራት ሆነን ሄድን። እርሷ ያለ ጓንት መጣች፤ ጓደኛዬ የራሱን አንዱን ሰጣትና ሁለቱም አንድ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው አጠመዱ። አባባ ከባልዲያቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡልን። ወንዙ ትንሽ ጎድሏል፣ ውሃው ግን ገና አልጠራም። ጊታሪስታችን በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ጂግ ለድንጋይ ገበረ። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሲጠራ፣ ጓደኛዬ የተጠላለፈውን ክር እየፈታ ስለ ነበር እህታችን አነሣችለት። ልጅቷ ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቀቻትም።

«ያዛችሁ?» አለች።

«ገና ነው» አለቻት።