ጥሩምባና አምባሰል

ጥሩምባ እኛ ባደግንበት በሐይቅ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም፤ የመርዶ አፍ ነው። ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ጥሩምባ ሲጮህ እናቶቻችን «ደግሞ ማን ይሆን?» እያሉ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ሰው በጥሩምባ ይደሰታል ብሎ ለኛ ማስረዳት ከባድ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ተሰባስበን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ውኃው ዳር ተቀምጠን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ዲዚ ጊሌስፒ በ1947 (እ.ኤ.አ.) በመስከረም ወር ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበውን ኮንሰርት ከፈተልን። ጊሌስፒ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ኩባዊው ቻኖ ፖዞ ኮንጋውን ይመታል። ቻኖ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቅም። ሁለቱን ያገናኛቸው ማርዮ ባውሳ የተባለ ሌላ ኩባዊ ጥሩምባ ነፊ ነው። ከበሮው ብቻውን ይቀራል፣ ቻኖ ያወጣል፣ ባንዱ ይቀበላል፤ ልክ እንደኛ ሰርግ። ከዚያ ጥሩምባው ከሁሉም በላይ ይወጣል፤ አዳራሙ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል።

ወዲያው ክርክር ተነሣ።

«የሰው አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለ አንዱ።

«እንዴት አያገባንም!» አለ ሌላው። «ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ኒው ዮርክ ‹አፍሮ ላቲን ሶል›ን ሲያስቀርፅ የኛን ዜማ ከላቲን ምት ጋር አጋብቶት የለም እንዴ? ጥሩምባም ነበረበት። ባቲ ብትል አምባሰል ብትል፣ ቅኝቶቹ የተጠሩት በኛው በወሎ አገሮች ስም ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ማሲንቆ አምባሰልን እያንሸራተተ ነው የሚያስለቅሰው። ሦስት ቁልፍ ያለው ናስ ያን ከየት ያመጣዋል?»

«ከነፊው ከንፈር!»

እስካሁን ዝም ያለ አንድ ጓደኛችን ነበር፤ አባቱ የእድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። «የአባቴ ጥሩምባ ቁልፍም የለው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ድምፅ ነው ያለው። ሕፃን ሲሞት ግን አሳጥሮ ይነፋዋል፤ ሽማግሌ ሲሞት ያስረዝመዋል። ሰፈሩ ከአልጋው ሳይወርድ ይለየዋል። ካምፓስ ውስጥ ‹ጥሩምባ ነፊ› ስድብ ነው፤ ለኔ የአባቴ ሥራ ነው።»

ማንም አልመለሰለት። በ1924 (እ.ኤ.አ.) «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ናሳቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ሆኑ፤ ይህን በክብር እንተርካለን። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ዱክ ኤሊንግተን ከነጥሩምባ ነፊዎቹ ሲመጣ አገር እንዴት እንደተቀበለው እናወራለን። በኛ መንደር በውርጭ ተነሥቶ፣ ለሰው ሐዘን ሲል ሳንባውን የሚያደክመውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም።

አምባሰልን በጥሩምባ የሚጫወት ሰው ከሐይቅ ይነሣ አይነሣ አከራክሮን ቀረ። በአንድ ነገር ግን ተስማማን። ለካርኔጊው ነፊ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ለኛው ነፊ ጭብጨባ የለውም፤ ሰዉ በጨለማ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄድ ግን መደመጡን ያውቃል።