ጠይምን የሚያውቅ ሞኒተር

እናቴ ባረፈች በዓመቷ፣ ለሙት ዓመቱ የሚሰቀለውን ፎቶግራፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። "እሱ ጋዜጠኛ ነው፣ ኮምፒዩተርም ያውቃል" ተባለና ሥራው ለኔ ተሰጠ። ፎቶው በወጣትነቷ የተነሳችው፣ ዕድሜ ያደከመው ባለ ቀለም ፎቶ ነው። እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፎቶዎች ሰማያዊና አረንጓዴው ቀድሞ ስለለቀቀ ወደ ቀይ አድልቷል። ሦስት ሌሊት አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ተደፍቼ ጭረቱን ደፈንኩ፣ ፊቷን መለስኩ፣ የነጠላዋን ጥለት አደመቅኩ። ስጨርስ፣ ምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ። እናቴ ስክሪኑ ላይ ነበረቻ!

ፎቶ ቤት አሳትሜ ቤት ይዤው ስገባ አክስቴ መነጽሯን አደረገች፣ አየችው፣ ራቅ አድርጋም አየችውና "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች።

የቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጠይሟ እናቴ የተቃጠለ ጡብ መስላ ወጥታለች። ድጋሚ ለማሳተም ጊዜ ስላልነበረ እንደዚያው ተሰቀለች። እንግዳው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ወደ ግድግዳው ቀና ሲል እኔ ወለል ወለሉን አይ ነበር።

መጀመሪያ የረገምኩት ፎቶ ቤቱን ነው። ጥፋቱ የራሴ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። የላፕቶፔ ስክሪን ቲ.ኤን የሚሉት ርካሽ ዓይነት ነው፤ ከላይ ሲያዩት ይገረጣል፣ ከታች ሲያዩት ይጠቁራል፤ ወንበር በተቀየረ ቁጥር የሰው መልክ ይቀየራል። በዚያ ላይ ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ፤ ነጩ ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። እንግዲህ ስክሪኑ ከልክ በላይ ሲያበራ እኔ ፊቷን አጠቁራለሁ፤ ስክሪኑ ሲሰማያዊብኝ እኔ ቀይና ቢጫ እጨምራለሁ። ወረቀቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያዘዝኩትን ማተም ብቻ ነው።

ዕቁቤ ሲወጣ "ሞኒተር ልገዛ ነው" አልኩ። ቤቱ ወዲያው ለሦስት ተከፈለ። አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዴስክቶፕ አለው፤ ከሥራ መልስ ጌም ይጫወትበታል። አዲሱ ሞኒተር ለሁለታችን በተራ ስለሚያገለግል ከደሞዙ ሊያዋጣ ተስማማ፤ መዋጮው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። "ከ144 ኸርዝ በታች ከሆነ የለሁበትም" አለ። ባለቤቴ በበኩሏ የቅዳሜ ማታ ፊልም ወዳጅ ናት። "ጨለማው ጨለማ ይሁንልኝ እንጂ የኩሽና ጭስ አይምሰል" አለችኝ። የኔን ፍላጎት ለሁለቱም ለማስረዳት አፈርኩ። ለእናቴ ፊት ነው ማለት ከበደኝና "ለፎቶ ሥራ" አልኩ።

ነገሩን ሳጠናው ሁሉንም የሚያስደስት ዕቃ በኛ አቅም እንደሌለ ተረዳሁ። ለፊልም የሚስተካከለው የሌለ ኦሌድ የሚባለው ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ስለምታበራ ጥቁር ሲመጣ ፈጽማ ትጠፋለች። ዳሩ ግን ሳይንቀሳቀስ የሚውል ምስል ጠባሳ ሊተውበት ይችላል፤ እኔ ደግሞ ነጭ ገጽ ዘርግቼ የምውል ሰው ነኝ። ዋጋውንም ጠይቄ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ሆኗል። ቪ.ኤ የሚሉት ዓይነት ከኦሌድ ይረክሳል፤ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት 3000 እጥፍ ገደማ ስለሚደርስ ጨለማን ያከብራል። ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይሸሻል፤ በጨለማ ትዕይንት የሚሮጥ ነገርም ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ይህን ስነግረው ወንድሜ ፊቱን አጠቆረ። የቀረው አይ.ፒ.ኤስ ነው። የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 እጥፍ ብዙ አይዘልም፤ ለባለቤቴ ጭስ ጭስ ይላል። ቀለሙ ግን ከየትም ቢያዩት ከቦታው አይነቃነቅም።

መቼም በኛ አገር ሰው ጥቁርና ነጭ ተብሎ አያበቃም። ቀይ አለ፣ ብስል ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ። ሰው ሲጠፋ እንኳ "መልኳ ጠይም፣ ቁመቷ መካከለኛ" ተብሎ ነው የሚፈለገው። ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ ግን ይህን ቋንቋ ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች "ሸርሊ ካርድ" የሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ይልክ ነበር። የሷ ፊት ካማረ ቀለሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። የኛ እናቶች ያን ጊዜ በዚያ ሚዛን ነበር የሚታጠቡት። እኔም በበኩሌ መለኪያ ካርድ ያስፈልገኝ ነበር፤ መለኪያውን ያገኘሁት እቤቴ ነው። ወንድሜ መልኩ ቁርጥ እናታችን ነው።

በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሳሁት። ፎቶውን አሳትሜ፣ የታተመው ከፊቱ ጋር መመሳሰሉን ካረጋገጥኩ በኋላ ወረቀቱን በአንድ እጄ፣ ፍላሹን በኪሴ፣ ባለቤቱን በጎኔ አድርጌ መገናኛ አካባቢ ወዳሉት የኮምፒዩተር ሱቆች ወጣሁ።

ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ አይደክምም። "ወንድም፣ አንድ ሚሊሰከንድ ነው እኮ! አንድ ቢሊዮን ቀለም ያወጣል!"

"ጠይም ያወጣል?" አልኩት።

ሳቀ። ፍላሹን ስሰጠው ግን ከፈተልኝ። የመጀመሪያው ሞኒተር ዓይን እንዲስብ ተብሎ ተጋግሏልና ወንድሜን ብርቱካን አደረገው። ሁለተኛው ጎበጥ ያለ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት መልካም፣ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ልጁ የታመመ ይመስላል። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ባለ 27 ኢንች አይ.ፒ.ኤስ ነው። ብርሃኑ እንዲቀነስልኝ፣ ቀለሙም ኤስ.አር.ጂ.ቢ ላይ እንዲደረግልኝ ለመንኩት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤች.ፒ እና ማይክሮሶፍት ያቀረቡት የቀለም መለኪያ ነው፤ ዛሬም ብዙው ፎቶ በዚሁ ይሄዳል። የሱቁ መብራት ነገር እንዳያበላሽ ወንድሜን በሩ አጠገብ፣ ከቀን ብርሃኑ ላይ አቆምኩት። ሻጩ ወረቀቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ወንድሜን አየ።

"እሱው ነው" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ።

በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ አንዲት የሞተች ፒክሰል አለችው፤ እሷን አሳይተን ዋጋ አስቀነስን። 2560 በ1440 ነው፤ በ27 ኢንች ላይ 1920 በ1080 ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ይሻክርብኝ ነበር። 144 ኸርዙም አለው። ወንድሜ የፈለገውን አገኘ ለማለት ግን ይከብዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ በሚወደው ጨዋታ በሰከንድ ከ70 ያልበለጠ ምስል ነው የሚገፋው። የቀረው ባዶውን ይዞራል። ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ አልነገርኩትም። ገንዘቡን እንዳይስብብኝ ፈርቼ ነው። ሲደርስበት አንድ ሳምንት አኮረፈኝ፤ እውነቱን ነው።

ያልጠበቀችው ሲሳይ የደረሳት ባለቤቴ ናት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ለ60 ስለማይገባ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሦስት ጊዜ እየታየ ካሜራው ሲዞር ይንገዳገዳል። 144 ለ24 ሲካፈል ግን ልክ ስድስት ነው። ለጭሱ ደግሞ ከሞኒተሩ ጀርባ ትንሽ አምፖል አበራንላት፤ ዓይን ይሸወዳልና ጨለማው ጠቆር አለ።

ቀለም የሚለካውን መሣሪያ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ነጭ ገጽ ከፍቼ፣ ነጭ ወረቀት ከመብራቱ ሥር ይዤ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉኝ ብርሃኑን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ የእናቴን ፎቶ ከፈትኩ። ሦስት ሌሊት የለፋሁበት ፊት ጡብ መሆኑን ስክሪኑ ሳይሸፋፍን አሳየኝ። የመጀመሪያውን አምጥቼ እንደገና ጀመርኩ፤ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ፎቶው የለቀቀውን ቀለም ሞኒተሩ ከየት ያመጣል? እኔስ የማውቃት በእናትነቷ እንጂ በዚያ ዕድሜዋ አላየኋት።

አክስቴን አስጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ ወንበሩን ሳበችና ከጎኔ ተቀመጠች።

"እስቲ ጨምር" አለችኝ። "ተው ተው፣ አበዛኸው ልጄ። ትንሽ መልሳት። አዎ... ጉንጯ ላይ ቀላ ትል ነበር። ይሄ ጥለት ደግሞ ማን አረንጓዴ አለህ? ወይን ጠጅ ነው! እኔ አይደለሁ እንዴ የገዛሁላት?"

ወንድሜ ኩርፊያውን እንደያዘ፣ የጨዋታ ተራው እስኪደርስ ከኋላችን ቆሟል። አክስቴ ዞር ብላ አየችው፤ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች፤ ደግማ አየችው።

"ና እስቲ አንተ" አለችው፣ "እዚህ ከጎኗ ቁምልኝ።"