ግራጫው የትኛው ነው?

ላሊበላ ተራራ ላይ ምን መርከብ አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቤት አለች፦ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከብናት የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ፣ «ኢትዮጵያ»። 95 ሜትር የሚጠጋውን ርዝመቷን መቶ እጥፍ አሳንሼ ሞዴሏን እየሠራሁ ነው።

የቸገረኝ ቀለሟ ነው። ውኃ ውስጥ ለሚሰምጠው ሆዷ የብረት በር ሠሪዎች ቀይ አንቲረስት ይበቃል። ከውኃ በላይ ግን ግራጫ ናት፤ የትኛው ግራጫ? የሱቁ ዘይት ቀለም ስለሚያብለጨልጭ መጫወቻ ያስመስላታል። ደብዛዛውን የጋራዥ ፕራይመር መረጥኩ፤ ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲታይ ፈዘዝ ስለሚል ጥቂት ነጭ ጨመርኩበት። ያገኘኋቸው ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ አይፈርዱም።

ዛሬ ስለ ቀይ ባሕር የማያወራ የለም። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ፣ ኋላ ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጠችውን መርከብ ቀለም የሚነግረኝ ግን አጣሁ። የነበረንን ሳናውቅ የምንመኘውን እንዴት እናውቃለን?

የቀድሞ ባሕረኞች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ እዚህ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።