ስለ ሐቫና ሲጋርና ስለሚነበብላቸው ሠራተኞች

ከኩባ ደሴት በምዕራብ በኩል ፒናር ዴል ሪዮ የሚባል አገር አለ። አፈሩ ቀላ ያለ ነው፤ በዓለም የታወቀውም ትምባሆ የሚበቅለው በዚያው፣ ቩኤልታ አባሆ በተባለው ስፍራ ነው። ቅጠሉ ሁሉ አንድ አይደለም። ከተክሉ ጫፍ የሚለቀመው ጣዕሙ ብርቱ ነው፤ የመካከለኛው መዓዛ ይሰጣል፤ የታችኛው ለስላሳ ሆኖ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። እነዚህን በልክ ማዋሐድ የባለሙያ ምሥጢር ነው፤ እኛስ ድፍረት ባይሆንብን ከወጥ ቅመማ ጋራ እናስተያየው ነበር። ከላይ የሚጠቀለልበት ቅጠል ግን ፀሐይ እንዳያሻክረው በስስ ጨርቅ ጥላ ሥር ያድጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን በሐቫና ከተማ ሲጋሩ በእጅ የሚጠቀለልበት አዳራሽ ነው። እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ይፈታልና፣ ሠራተኞቹ ከገዛ ደመወዛቸው አዋጥተው፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ታሪክ የሚያነብላቸው ሰው ቀጠሩ። ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ተጀመረ። በሚከተለው ዓመት የእስጳንያ ሹም ንባቡን ከለከለ፤ ብዙ የሰማ ሠራተኛ ያስፈራ ነበርና። ሆኖም ልማዱ ተመልሶ እስከ ዛሬ ይገኛል። በ1935 ዓ.ም. የወጣው ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋርም ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ደጋግመው መስማት ከወደዱት ከአሌክሳንድር ዱማ መጽሐፍ ነው።